ሳን ጂሚኛኖን መንደፍ፦ አራተኛው ጉዞ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ማማዎቹ ሁሉ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እየመሰሉብኝ ተቸግሬ ነበር። ሁለት ቀጥ ያለ መስመር፣ አናቱ ላይ ጠፍጣፋ፣ አለቀ። በዚህ ወር ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ንድፌም የተለወጠው በዚያ ምክንያት ነው።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ሳን ጂሚኛኖ በጣልያን ቶስካና፣ ሲየና አውራጃ ውስጥ፣ 324 ሜትር ከፍታ ላይ ኮረብታ አናት የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከምኖርባት ከፍሎሬንስ እስከ ፖጂቦንሲ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ማማዎቹ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ብቅ ይላሉ። በመካከለኛው ዘመን 72 ያህል እንደነበሩ ይነገራል፤ ዛሬ የቆሙት 14 ናቸው።

የገባኝ የቀዳዳዎቹ ነገር ነው። የማማዎቹ ግድግዳ በትናንሽ ካሬ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። ሦስት ጉዞ ሙሉ እርጅና ያመጣው ነው ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ለካ አግዳሚ እንጨት የሚሰካባቸው ናቸው! ግንበኞቹ የሚቆሙበት መወጣጫ በእነሱ ላይ ያርፍ ነበር፤ ማማው ካለቀ በኋላም ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚሠሩት የእንጨት ሰገነቶች። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ልብሱን የተገፈፈ ማማ ነው፤ ሰው ሲኖርበት እንዲህ ራቁቱን አልነበረም። ቀዳዳዎቹን በየረድፋቸው ማስገባት ስጀምር ቁመቱ ራሱ መጠን አገኘ። እያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ጥላ አለ፤ ጥላዎቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ስጥል ድንጋዩ ከወረቀቱ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኳን ሳላነብ እርሳስ አላነሣም። ከተማዋን ያበለጸጋት ወደ ሮም የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ፣ ቪያ ፍራንቺጀና፣ ነው። በ990 አካባቢ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጌሪክ ከሮም ሲመለሱ ያረፉባቸው ቦታዎች ተመዝግበው ቀርተዋል፤ 19ኛዋ እሷ ናት። በ1199 ከቮልቴራ ጳጳሳት ሥልጣን ወጥታ ራሷን ማስተዳደር ጀመረች። ሳፍሮን ከሚባለው ቅመም ንግድ ብዙ ያተረፉ ቤተሰቦች ሀብታቸውን በቁመት አሳዩ፤ አርዲንጌሊና ሳልቩቺ የሚባሉት ባላንጣዎች በተለይ። ፉክክሩ ስለበዛ በ1255 ማንም ከሮኞዛ ማማ የሚበልጥ እንዳይሠራ ተከለከለ። ያ ማማ 51 ሜትር ገደማ ነው። በ1311 የተጠናቀቀው የከተማው አስተዳደር ማማ፣ ቶሬ ግሮሳ፣ ግን 54 ሜትር አለው። እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ስሕተት አረምኩ፤ ግሮሳን ከሮኞዛ በእጥፍ አርዝሜው ኖሯል! ልዩነታቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ግሮሳ በጣም ረዝሞ የሚታየኝ በቆመበት ቦታ ምክንያት ነው።

ገጣሚው ዳንቴ በ1300 ፍሎሬንስን ወክሎ መልእክት ይዞ የተናገረበት አዳራሽ ከዚሁ ማማ ሥር ነው። ቆሜበታለሁ፤ ለብቻው የሚጻፍ ነገር ነው።

በ1348 ጥቁር ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ገባ፤ ብዙ ሕዝቧ አለቀ። በ1353 ለፍሎሬንስ ገበረች። መንገደኛውም ሸለቆውን ይዞ መሄድ ለመደ። ድህነቱ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌውን አፍርሶ በዘመኑ ፋሽን የሚገነባ ገንዘብ ስላልነበረ ነው ማማዎቹ የተረፉልን። ይህን ካወቅሁ በኋላ የማማዎቹን አናት በጥንቃቄ ነው የምነድፈው።

ስለ አደባባዩም ልንገራችሁ። ፒያሳ ዴላ ቺስተርና ሦስት ማዕዘን ቅርጽ አለው፣ ወለሉ ጡብ ነው፣ መሬቱ ያጋድላል። መካከሉ ያለው የውኃ ጉድጓድ ስምንት ማዕዘን ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ደረጃውን አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ በላጲስ አጠፋሁት። አምስተኛው ላይ ከማዕዘኖቹ ይልቅ በደረጃው ሥር ያለውን ጥላ አስቀድሜ ጣልኩ፤ ያኔ ተቀመጠልኝ። ስምንት ማዕዘን የሚያስቸግራችሁ ሞክሩት።

ቀለም ላይ ገና ነኝ። ከግሮሳ አናት ሆኜ ቫል ዴልሳ የሚባለውን ሸለቆ ኮረብታዎች ስቀባ አረንጓዴዬ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። የወይራው ቅጠል ወደ ብር ይጠጋል፣ የወይን ተክሉ ብሩህ ነው፣ የፈረንጅ ጥድ የሚመስሉት ሾጣጣ ዛፎች ጥቁር ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። አሁን ለወይራው አረንጓዴው ላይ ግራጫ፣ ለሾጣጣዎቹ ትንሽ ቀይ እየጨመርኩ ነው። ቀዩ ያጨልመዋል እንጂ አያቆሽሸውም። በሚቀጥለው ጉዞ ሦስቱን ብቻ፣ ማማ ሳልጨምር፣ አንድ ገጽ ላይ አሰልፌ እሞክራለሁ።