ኮርማ የማትፈልገው ጊደር

ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ አካባቢ ያለች አንዲት ድቅል ጊደር ናት። ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ኮርማ ፈልጋ ግን አታውቅም። የማዳቀል ዘመቻው ኃላፊ ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርገውን ሆርሞን ፕሮስታግላንዲን ወጋት፣ በ11ኛው ቀን ደገማት። ምንም! «መኖ አንሷት ነው» ብሎ ፉርሽካ አዘዘና ሦስተኛ መርፌ ይሰጣት አለ። መርፌው እኮ የሚሠራው እንቁላል ማምረቻው ላይ የሚያሟሟው ኮርፐስ ሉቴም፣ ማለትም እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚበቅለው እብጠት፣ ሲያገኝ ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ጓንት አጥልቆ መዳሰስ ነው። ሳይዳስስ መውጋቱን ደፍሮ ያነሳ አልነበረም፤ ኃላፊ ነዋ።

ሦስተኛውን መርፌ ይዛ የተላከችው ገና የተቀጠረች አዳቃያችን ነበረች። መጀመሪያ ዳሰሰች። የማህፀን በር የሚባል ነገር የለም፤ ማህፀኑም እንደ ክር ቀጥኗል። መርፌውን ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

«እማማ፣ ይቺ ጊደር መንታ ነበረች?»

«አዎ ልጄ፣ ከዚያ ከወይፈኑ ጋር። ምነው?»

«እንግዲያው አትወልድም።»

ላም መንታ ስታረግዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ገደማ የሁለቱ ጽንሶች እንግዴ ልጅ ይገናኝና ደማቸው ይቀላቀላል። ወንዱ ዋይ ክሮሞዞሙ ላይ ባለው ኤስ አር ዋይ በተባለ ዘረ መል አማካይነት ቆለጡን ቀድሞ ይሠራል። ከቆለጡ የሚወጣው አንቲ ሙለሪያን ሆርሞን ወንዱ ውስጥ ማህፀን እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ደሙ የጋራ ነውና የእህቱንም ያቀጭጨዋል። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ ጊደሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንዲህ መካን ናቸው፤ ፍሪማርቲን ይባላሉ። የራሷ ሕዋስ የሴት፣ ኤክስ ኤክስ ነው፤ ደሟ ሲመረመር ግን የወንድሟ ኤክስ ዋይ አብሮ ይገኛል። የሥነ እንስሳት ተመራማሪው ፍራንክ ሊሊ ይህንን በ1916 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ለኃላፊያችን የሚደርስበት በቂ ጊዜ ነበር።

ባለቤቲቱ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ የጠየቁት ስለ ጊደሯ አልነበረም።

«የልጄ መንቶችስ? ወንድና ሴት ናቸው።»

አዳቃይዋ ልትስቅ አለችና ፊታቸውን አይታ ተወችው። «የሰው ሌላ ነው እማማ። የእንግዴ ልጁ ደም ሥር እንደ ላም አይጋጠምም። አይስጉ፣ ሴቷ ትወልዳለች።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ያኛውም አውቃለሁ ብሎ ነው ሁለቴ የወጋት።»

ለዚህ መልስ አልነበራትም፤ እኛም እስካሁን የለንም።

ነገሩ ጥጃዋ ወር ሳይሞላት ሊታወቅ ይችል ነበር። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ ጣት የሚያህል ንጹሕ ቱቦ ቅባት ተቀብቶ በብልቷ በቀስታ ይገባል፤ በጤነኛ ጥጃ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይዘልቃል፣ በፍሪማርቲን ከ5 እስከ 8 ላይ ይቆማል። ሲቆም መግፋት የለም፤ ውስጧን ይቀድዳታል። ባለቤት መጠየቅም ይረዳል፣ የማዳቀል መዝገብ ካርዳችን ላይ ግን መንታ ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። ቢኖርም ሁሉን አይዝም፦ ደማቸው ከተቀላቀለ በኋላ ወንዱ ማህፀን ውስጥ ሞቶ ከቀረ፣ ብቻዋን የተወለደችውም መካን ልትሆን ትችላለች።

በሚቀጥለው ሥልጠና ኃላፊያችን ስለ ፍሪማርቲን ሰፊ ገለጻ አደረገ። «ከልምዳችን እንደምናውቀው» ብሎ ነበር የጀመረው። አዳቃይዋ ከኋላ ተቀምጣ የዘር ማቆያውን የናይትሮጅን መዝገብ ትሞላ ነበር።

ጊደሯ ደልባ ለፋሲካ ተሸጠች፤ ለሥጋ ምንም አይወጣላትም። አዳቃይዋ ስለ ወይፈኑም አስጠንቅቃ ነበር። እሱም የእህቱን ሕዋስ ተቀብሏል፤ ኤክስ ኤክስ የሆነው የዘር ሕዋስ ቆለጥ ውስጥ ቢገባ የወንድ ዘር መሆን አይችልም፣ እየሞተ ይቀራል። እንዲህ ያለ ኮርማ አንዳንዴ ዘሩ ይሳሳል። ስለዚህ የቆለጡ ዙሪያ ሳይለካ፣ የዘር ፈሳሹም በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ላም ላይ አይውጣ አለቻቸው።

«ውይ ልጄ» አሉ ባለቤቲቱ፣ «እሱንማ ለጎረቤት አውሼዋለሁ።»