ዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ «ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎች ልጆች ጋር ምን ያህል ይውል ነበር?» ይላል። የበሽታውን መነሻ ለሚፈልግ ጥናት የተዘጋጀውን የጥያቄ ቅጽ፣ የደም ካንሰር በያዛቸው ልጆች ክፍል ለእናቶች የማነብበው እኔ ነበርኩ። የአስተባባሪያችን ትእዛዝ አጭር ነበር፤ አንብቡ፣ ጻፉ፣ አታብራሩ።

አንዲት እናት ከልጇ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ጉንፋኑን፣ ተቅማጡን፣ ጡት የተወበትን ወር ሁሉ በትዕግሥት ነገረችኝ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ዝም አለች።

«ሲስተር፣ ጥያቄሽ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ብርድ እንዳይመታው፣ የጎረቤት ልጆች ሳል እንዳይይዘው ብዬ ዓመት ሙሉ ከቤት አላወጣሁትም። ያሳመምኩት እኔ ነኝ?»

«ለጥናት ብቻ ነው» አልኳት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ መልስ ነው፤ የምነግራት ነበረኝና። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሜል ግሪቭስ በልጆች ላይ ስለሚበዛው የደም ካንሰር ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያዳበሩት መላ ምት እንደሚለው፣ የመጀመሪያው የዘረ መል ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ነው። ለውጡን ይዘው ከሚወለዱት አብዛኞቹ በጭራሽ አይታመሙም። በጨቅላነቱ ከተሕዋስያን ጋር ያልተላመደ ሰውነት ዘግይቶ ለመጣ ተራ ኢንፌክሽን ከልክ ያለፈ ምላሽ ሲሰጥ ሕመሙን የሚያመጣው ሁለተኛው ለውጥ ሊከተል ይችላል። «ሊከተል ይችላል» ነው የተባለው። በብዙ ሺህ ሕፃናት መካከል የሚታይ የዕድል ልዩነት በአንዲት እናት ላይ የሚፈረድ ፍርድ አይደለም።

የሆነውን ለአስተባባሪው ስነግራቸው «ቅጹ ተሞልቷል?» አሉኝ። ተሞልቷል።

ትእዛዙ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ጥያቄው ወዴት እንደሚያመራ የገባት እናት ትዝታዋ ሳታስበው ይዛባል። በብሪታንያ በተደረገ ትልቅ ጥናት የእናቶች ትዝታና የሐኪሞች መዝገብ አልተገጣጠሙም፤ እንዲያውም መዝገቡ በኋላ የታመሙት ልጆች በመጀመሪያ ዓመታቸው ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ይዟቸው እንደነበር አሳየ። ያቺ እናት ይህን ብትሰማ ምን ያህል በቀለላት! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መዝገብ ስለሌለ ያለን የእናት ቃል ብቻ ነው። ቃሏን ከወሰድን በኋላ ግን ዝም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። አሁን የመጨረሻውን መልስ ጽፌ ቅጹን ስዘጋ፣ ሳልጠየቅም እነግራቸዋለሁ።

ወደ እርሷ የተመለስኩት በሦስተኛው ቀን ነበር፣ ያለ ቅጽ። ሁሉንም አዳምጣኝ ስታበቃ የልጇን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«ሁለት ሌሊት አልተኛሁም እኮ» አለችኝ።