ጣና ላይ ቀይ አፉን ዳክዬ ያገኘሁት እንዲህ ነው

ጣና ላይ ዳክዬ ማየት ብርቅ አይደለም። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ ይግተለተላሉ፤ መጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። ብርቅ የሚሆነው መሀላቸው ጭራሽ ያልተጠበቀ ሲቀላቀል ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ከባሕር ዳር ወጣ ብዬ ረግረጉ ዳር ያየሁት ዳክዬ እንደዚያ ነው። ሬድ ክሬስትድ ፖቻርድ ይሉታል። የሚራባው ከደቡብ አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያ ነው። ብርዱን የሚሸሸው ደግሞ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርና ወደ ህንድ። ጣና መንገዱ አይደለም።

እሱን ፍለጋ አልሄድኩም። የሄድኩት ለቆጠራ ልምምድ ነው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል፤ እኔ ቀደም ብዬ ዓይኔን አሟሙቃለሁ። ቴሌስኮፑን እተክልና ከመንጋው ግራ ጫፍ ጀምሬ አንድ በአንድ እሄዳለሁ። ቅንድቡ ነጭ፣ ጋርጋኒ። ጅራቱ የሾለ፣ ፒንቴይል። ምንቃሩ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሾቬለር። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ነባሮቹን ሳይለዩ እንግዳውን መለየት አይቻልም።

እንዲያም ሆኖ ቀድመው ያዩት አንድ አዛውንት አሣ አጥማጅ ናቸው። ታንኳቸውን ደንገሉ ጥግ አስጠግተው «አንተ ልጅ፣ ያ ቀይ አፉ ከየት የመጣ ነው? የኛ አይደለም» አሉኝ። ወደ ጠቆሙኝ ዞርኩ። ክብ፣ ብርቱካናማ ጭንቅላት። ጥቁር ደረት። ነጭ ጎን። ምንቃሩማ የበሰለ በርበሬ!

«አዎ ጋሼ፣ እንግዳ ነው» አልኳቸው። ልቤ ግን ድው ድው ይል ነበር።

መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት ያየሁትን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ሥዕሉን ካዩ በኋላ ዓይን ያላየውንም ይጨምራልና። ከዚያ ማጣራት ነው። ኮመን ፖቻርድም ጭንቅላቱ ቀላ ይላል፤ ግን ጀርባው ግራጫ፣ ምንቃሩም ጥቁርና ግራጫ ነው። ዊጅን ግንባሩ ላይ ቢጫ አለው። እዚሁ አገራችን የሚኖረው ሳውዘርን ፖቻርድ ደግሞ ዓይኑ እንጂ ምንቃሩ ቀይ አይደለም። ወንድ መሆኑ በጀኝ። ሴቷ ብትሆን ኖሮ ቡናማ ናት፣ ጉንጯ ብቻ ነጣ ይላል፤ ብዙ ታከራክር ነበር።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ዳክዬ አውሮፓ ውስጥ ለጌጥ በብዛት ይረባል። እንግሊዝ አገር ዱር ውስጥ ያሉት እንኳ አብዛኞቹ ከእርባታ ያመለጡት ዘሮች ናቸው። ስለዚህ «ከሰው ግቢ ያመለጠ ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ክንፉ ተቆርጦ እንደሆነ፣ እግሩ ላይ የአርቢ ቀለበት እንዳለ ማየት ግድ ነው። ዓሣ በል ንስር ሲያንዣብብ መንጋው ብድግ አለ፤ የኛም ሰው ክንፉን ዘረጋ። ላባው ሙሉ ነው፤ ሰፊው ነጭ መስመርም ከዳር እስከ ዳር ታየ። እግሩን ለማየት ግን ብዙ ጠበቅኩ። መጨረሻ ላይ ጭቃ ላይ ወጣና ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአንዱ እግር፣ ቆይቶ በሌላው። ስልኬን የቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ለጥፌ እያነሳሁ ነበር።

ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩ። በባጃጅ ከነፈ። ምን እንዳየሁ ሳልነግረው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ተውኩት፤ አገኘው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሁለተኛ ዓይን ከጥሩ ካሜራ ይበልጣል ባይ ነኝ። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግም እንዲሁ። ጠዋት ከረግረጉ ምሥራቅ ጫፍ ካልቆሙ ቀይ ምንቃር ጥቁር መስሎ ያልፋል። ሞተር ጀልባ ይዞ መጠጋትማ አይሞከርም፤ ሁሉም ይበራል።

ማታ ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዘገብኩት። ብርቅ ወፍ ሲሆን አጣሪ ሰው ማስረጃ ይጠይቃል። የእኔም አጣሪ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምንቃሩ አልነበረም። «እግሩን አይተሃል?» ነው ያለኝ። ሁለቱን የማከክ ፎቶዎች ላክሁለት። ደብዘዝ ያሉ ናቸው፤ ቀለበት እንደሌለው ግን ያሳያሉ።