በካሴቱ ጀርባ ላይ የሚጻፍ ስም

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ ካጋጠሙኝ ንትርኮች ሁሉ፣ ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ በብሩስ ሊ ምክንያት የተነሳው ነው። ካራቴ የሚሠራ አንድ የሰፈር ልጅ ማታ የወሰደውን ካሴት ጠዋት መልሶ አመጣና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ብሩስ ሊ አይደለም፤ ገንዘቤን ይመልሱልኝ» አለ።

ባለቤቱ ከሒሳብ ደብተራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሲማታ አላየህም?» አሉት።

«አይቻለሁ፤ ጎበዝ ነው። ግን እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ? ካራቴ ተከራየህ፣ ካራቴ አየህ።»

«እኔ የተከራየሁት እሱን ነው» አለ ልጁ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ከቦታውም አልተነቃነቀም።

ልጁ እውነቱን ነበር። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንጎል እብጠት በ32 ዓመቱ ሲሞት፣ በመሪ ተዋናይነት ሠርቶ የጨረሳቸው የካራቴ ፊልሞች አራት ብቻ ነበሩ፤ መደርደሪያችን ላይ ግን ስሙን የያዙት ካሴቶች ከዚያ እጅግ ይበልጡ ነበር። ገበያው እሱን አጥቶ መቀመጥ ስላልፈለገ፣ የሆንግ ኮንግና የታይዋን አምራቾች መልኩ የሚቀርበውን፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ጠረግ አድርጎ የሚጮኸውን ወጣት ሁሉ እየፈለጉ ስሙን አለበሱት። ልጁ ካሴቱ ላይ ያየው ታይዋናዊው ሆ ቹንግ-ታኦ የተሰጠው ስም በላቲን ፊደል ከሟቹ የሚለየው በመጨረሻዋ ድምፅ አጻጻፍ ብቻ (Lee የነበረው Li ሆኖ) ነበር፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ይህችም ልዩነት ትጠፋለች። እኔ በሆ ቹንግ-ታኦ አልፈርድበትም። በራሱ የሚያኮራ ችሎታ የነበረው ሰው ነው፤ ኋላም ፊልሙን ትቶ የስፖርት መምህር ሆኗል። የምፈርደው ሟቹንም እሱንም በአንድ ስም ጠቅልለው በሸጡት ላይ ነው።

ይህንኑ ለባለቤቱ ነግሬ የልጁ ገንዘብ እንዲመለስለት ብለምናቸው፣ «ሰው የሚጠይቀው በስሙ ነው፤ ሌላ ስም ብትጽፍበት ማን ያነሳዋል?» ብለው እምቢ አሉ። እኔ ግን ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለውን ወረቀት አንስቼ የተዋናዩን እውነተኛ ስም ጻፍኩበት። ባለቤቱ እንዳሉትም ካሴቱ ለብዙ ጊዜ የሚያነሳው አጥቶ ተቀመጠ። ቢሆንም የሌላውን ስም ልመልስበት አልፈለግሁም፤ ሰው ሠርቶ ያቀረበውን ሥራ በራሱ ስም ማግኘት ይገባዋልና።

ከሁሉም ያስቸገረኝ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ጌም ኦፍ ዴዝ» ነበር። ብሩስ ሊ ሳይጨርሰው የሞተው ይህ ፊልም ሌላ ታሪክ ተጽፎለት፣ በምትኩ ጥቁር መነጽር ያጠለቁ ተተኪዎች ገብተውበት ነው የተጠናቀቀው። በአንድ ቦታ የሟቹ ፊት ከፎቶግራፍ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይታያል፤ ሰውየው ከመስታወቱ ፊት ቢነቃነቅም ፊቱ አይነቃነቅም። ከዚህ የባሰው ግን እውነተኛው የቀብር ሥነ ሥርዓቱ፣ ሬሳ ሣጥኑ ሳይቀር፣ የፊልሙ ታሪክ አካል ተደርጎ መግባቱ ነው። ያንን የመታሰቢያ ፊልም ብሎ መጥራት ለእኔ በሐዘንተኛ ላይ መነገድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን ጥቁር መስመር ያለበትን ቢጫ ልብስ ለብሶ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከሚበልጠው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከካሪም አብዱልጀባር ጋር ሲፋለም የምናየው ራሱ ብሩስ ሊ ነው።

ስለዚህ በዚያ ካሴት ጀርባ ላይ «ብሩስ ሊ በመጨረሻው ክፍል ብቻ፤ ሌላው በተተኪዎች» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ለአንድ ካሴት!» ብለው ቢያጉረመርሙም ጽሑፉን አላስነሱኝም። ካሴቱም መደርደሪያ ላይ የማይቀመጥ ሆነ፤ የሚወስዱት ደንበኞች እሱ ራሱ የሚገባው የቱ ጋ እንደሆነ እየጠየቁኝ፣ እኔም ቢጫውን ልብስ ጠብቁ እያልኩ እሰጣቸው ነበር።