«ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርህ»

አንደበትን መጠበቅ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ስድብና ቁጣ ነው። ስድብ ግን ራሱን አይደብቅም፤ ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ያውቁታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በመንፈሳዊ ቋንቋ የሚነገረው ሐሜት ነው።

«እገሌን በጸሎት አስበው።»
«ምነው፣ ምን ሆነ?»
«ኧረ ተወው… ትዳሩ ሰላም የለውም መሰለኝ። ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርህ፤ ለማንም እንዳትናገር።»

በቃ፣ የሰው ገመና ወጣ፤ ጸሎቱ ግን ገና አልተጀመረም። ለጸሎት ስሙ ይበቃል፣ ዝርዝሩን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ባለጉዳዩ ራሱ «ንገሩልኝ» ካላለ በስተቀር ከስሙ በላይ መጨመር ለጸሎቱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ቅሬታ ሲኖርስ? ማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፦ መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ»፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለቤተ ክርስቲያን የሚነገረው። እኛ እንገለብጠዋለን፤ አራት አምስት ሰው ከሰማ በኋላ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ፊት ለፊት መውቀስ ያስፈራል፣ ከጀርባ ማውራት ደግሞ ደጋፊ ያስገኛል። ስለዚህ የሌላውን ጥፋት ይዞ ለሚመጣ ሰው «ለእርሱ ነግረኸዋል?» ማለት ይሻላል። አብዛኛው ወሬ እዚያው ላይ ይሞታል። ሰሚ ካጣ ማን ያወራል?

ዝምታ ሁሉ ግን አንደበትን መጠበቅ አይደለም። ኩርፊያም ዝምታ ነው። ከግብፅ በረሃ አባቶች አንዱ አባ ጴሜን፣ አፉን ዘግቶ በልቡ በሌላው ላይ የሚፈርድ ሰው ሳያቋርጥ እንደሚለፈልፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየተናገረ የማይጠቅም ቃል የማያወጣ ግን ዝም እንዳለ ይናገር ነበር። ምሳሌ 31፥8 ደግሞ መናገር ለማይችለው አፍን መክፈት ያዝዛል። ሰው ሲበደል እያዩ «እኔ አንደበቴን እጠብቃለሁ» ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃት ነው።

ያዕቆብ 3፥8 አንደበትን ሊገራ የሚችል ሰው እንደሌለ ስለሚናገር፣ በቁርጠኝነት ብቻ የጀመረ ቶሎ ይደክማል። «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን (መዝሙር 140፥3፣ በሌላው አቆጣጠር 141) ማለዳ ብቻ ሳይሆን ስልክ ከማንሳትና ስብሰባ ከመግባት በፊትም ማለት ይረዳል። በንዴት የተጻፈ መልእክትም ሳይላክ ይደር።

ከአፍ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ከባድ ነው። ንስሐ ገብቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ ወሬውን ወደሰሙት ሰዎች ተመልሶ «ስለ እገሌ የነገርኩህን በዓይኔ አላየሁም፣ መናገር አልነበረብኝም» ማለት ያስፈልጋል። የታማው ሰው ጭራሽ ካልሰማ ግን ሄዶ «አምቼህ ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ የተናጋሪውን ልብ አቅልሎ የእርሱን ያቆስላል። እዚህ ላይ ከመቸኮል በፊት አስተዋይ መንፈሳዊ አባት ወይም መካሪ ማማከር ይሻላል፤ ያም ሲደረግ የታማውን ስም ሳይጠሩ ነው።