ምንጩ ያልታወቀ ካርኒቫል ግላስ፦ መጀመሪያ እግሩን እዩ

ቡራዩም ሆነ ሰበታ፣ ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ከልዋጭ ጆንያ ወይም ከአሮጌ ቡፌ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚወጣ የብርጭቆ ዕቃ አለ። ላዩ በውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ ናፍጣ ወርቃማ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ያብረቀርቃል። ሰብሳቢዎች ካርኒቫል ግላስ ይሉታል። ሻጩን ከየት መጣ ብትሉት «የድሮ የፈረንጅ ዕቃ ነው» ይላችኋል። ከየት አገርና ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ግን ከዕቃው ራሱ ነው የሚነበበው፤ የሚነበበውም ከሚያብረቀርቀው ላዩ ይልቅ ከእግሩ፣ ማለትም ከሚቆምበት ታቹ ነው።

አሠራሩ ይህንን ያስረዳል። የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቅርጽ ውስጥ ይጨመርና ከላይ በሚጫን ብረት ይጨፈለቃል። ከቅርጹ ሲወጣ ገና እንደጋለ የቆርቆሮ ወይም የብረት ክሎራይድ ይረጭበታል። በጣም ግሎ ሳለ ከተረጨበት ላዩ ደብዘዝ ይላል፤ ትንሽ በርዶ ከተረጨበት ጥርት ብሎ ያንጸባርቃል። ስለዚህ የምታዩት ብርቱካናማ ወይም ወርቃማ የርጭቱ እንጂ የብርጭቆው ቀለም አይደለም። የብርጭቆውን ቀለም ለማወቅ ዕቃውን ገልብጡና ርጭቱ ባልደረሰበት እግር በኩል በእጅ ባትሪ አብሩበት። ላዩ ብርቱካናማ ሆኖ እግሩ ቀለም የሌለው ከሆነ ሰብሳቢዎች ማሪጎልድ የሚሉት ዓይነት ነው፤ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ጎድጓዳ ሳህን ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ሠራተኛው ጠርዙን በእጅ መሣሪያ ያጥፈዋል፣ ያሸበሽበዋል ወይም ይዘረጋዋል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ሳህኖች የአፋቸው ስፋት በጣም ሊለያይ ይችላል። የማይለወጠው የእግሩ ስፋት ነው። ካሊፐር በሚባል ባለ ሁለት መንጋጋ የፕላስቲክ መለኪያ (ብረቱ ይጭራል) እግሩን በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ክብደቱን በወጥ ቤት ሚዛን በግራም መዝግቡ፤ የቅርጹ መገጣጠሚያ መስመሮች ሁለት፣ ሦስት ወይስ አራት እንደሆኑ ቁጠሩ። ምንጩ ከታወቀ ዕቃ ፎቶ ጋር ስታነጻጽሩ ንድፉ ተመሳስሎ የመስመሮቹ ቁጥር ወይም የእግሩ ስፋት ካልገጠመ ቅርጹ ሌላ ነው፤ ምናልባት ፋብሪካውም ሌላ ነው።

ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። ውጪው በአበባ ተሞልቶ ውስጡ ልሙጥ ከሆነ የተጨፈለቀ ነው። ውጪው ያበጠበት ቦታ ውስጡ የሚጎደጉድ ከሆነ ደግሞ በቅርጽ ውስጥ ተነፍቶ የተሠራ ነው። ለኛ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። በሕንድ ፊሮዛባድ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የአበባ ማስቀመጫዎች ብዙዎቹ የተነፉ፣ ቀለል ያሉና ስስ ናቸው፤ ዓሣ፣ ዝሆን ወይም አበባ የያዘ የሰው እጅ ይታይባቸዋል። አንዳንዶቹ ታቻቸው ላይ በላቲን ፊደል «ጄን» የሚል የፋብሪካ ስም አላቸው። የሕንድ ነጋዴዎች አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሱቅ ስለነበራቸው ስስ ማሪጎልድ ሲገኝ ፊሮዛባድን አስቀድሞ መጠርጠር ተገቢ ይመስለኛል። ጥርጣሬው ማስረጃ እስኪያገኝ ግን ጥርጣሬ ብላችሁ ጻፉት።

እግሩ በድንጋይ ተሞርዶ ለጥ ብሎ ከሆነ ወደ አውሮፓ ተመልከቱ። የጀርመኑ ብሮክቪትዝ፣ የስዊድኑ ኤዳና የፊንላንዱ ሪሂማኪ ብዙ ጊዜ እግሩን ይሞርዱ ነበር፤ የድሮዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው አይሞርዱም። የአውሮፓ መሆኑን ማወቅ ቀላል ሲሆን ፋብሪካውን መለየት ነው የሚከብደው፤ ሮዝ ጋርደን የሚባለው ንድፍ ለምሳሌ በብሮክቪትዝም በኤዳም ተሠርቷል።

ምልክት አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1907 አካባቢ ይህን ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ፌንተን እስከ 1970 ድረስ በካርኒቫል ዕቃዎቹ ላይ ስሙን አያትምም ነበር። በሞላላ ክብ ውስጥ «ፌንተን» የሚል ካያችሁ ዕቃው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ኢምፔሪያልም አሮጌ ቅርጾቹን በ1960ዎቹ እንደገና ሲጠቀም በላያቸው የላቲኖቹን አይ እና ጂ ደራርቦ አትሟል። የአሜሪካው ኖርዝዉድ ፋብሪካ ምልክት ከሥሩ የተሰመረበት ኤን በክብ ውስጥ ነው፤ መስመሩ የጠፋ ወይም የተንሻፈፈ ከሆነ ተጠራጠሩ፣ ምክንያቱም ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ተኮርጇል።

በቀለም የተቀባ አዲስ ዕቃም አለ። ጥጥ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አርሱና በእግሩ ጥግ ላይ ቀስ ብላችሁ እሹት። በእሳት የተያዘው ርጭት አይለቅም፤ ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣ አትግዙት።

ጠርዙን በጥፍራችሁ ዙሩበት። ጥፍር የሚይዝ ጥቃቅን ስብራት ዋጋውን ይቀንሳል። ጠርዙ ላይ ብቻ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ነጣ ያለ ጠፍጣፋ መስመር ከታየ ደግሞ የተሰበረው ተሞርዶ ተደብቋል ማለት ነው። በጣት መታ ስታደርጉት ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። ሻጯ በዕድሜ የገፉ እናት ከሆኑ «እማማ፣ ከማን ቤት ነው የመጣው? መቼ?» ብላችሁ የሚነግሯችሁን ሳታሳምሩ ጻፉ፤ ፈረንጆች ከአገር ሲወጡ ትተውት የሄዱት ወይም ከመርካቶ የተገዛ መሆኑ ከልኬቱ ጋር ተደምሮ ይጠቅማል።

ለማጠብ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ላርጎ ይበቃል። በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፉ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እጠቡ፣ ወዲያው አድርቁ፤ ውሃው በላዩ ከደረቀ የኖራ ነጠብጣብ ይተዋል። አመድና አሸዋ ላዩን ይጭራሉ፤ በረኪናና አሲድ አታስጠጉት። የሱሉልታ ብርድ ያቀዘቀዘውን ዕቃ በፈላ ውሃ ማጠብ ይሰነጥቀዋል። መስኮት ላይ አታስቀምጡ፤ ቀለም በሌለው አሮጌ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ በፀሐይ ብዛት ሐምራዊ ይሆናል። ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ቤት ደግሞ ቡፌው ይንቀጠቀጣልና ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ጨርቅ አኑሩ፤ በጎናቸውም ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ።