ያዘዝኩት አንዱን፣ የዞረው ሌላው

ድሮ የሞባይል አንቴና ቲልት፣ ማለትም ጨረሩ ወደ ታች የሚያዘነብልበትን ማዕዘን፣ መቀየር ማለት ታወር መውጣት ነበር። ቀበቶ ታጥቆ፣ ብሎን ፈትቶ። አሁን ግን አርኢቲ የምንላት ትንሽ ሞተር አንቴናው ግርጌ ላይ አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ «6 ዲግሪ» እላለሁ፣ እሷ ትዞራለች። አንቴናው ንቅንቅ አይልም። ውስጥ ያለው ፌዝ ሺፍተር (የሞገዱን ፌዝ እየቀየረ ጨረሩን የሚያዘነብለው ክፍል) ተገፍቶ ጨረሩ ብቻ ዝቅ ይላል። ይሄን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ፦ አንቴናውን በብሎን ስታጎነብሰው ፊቱ ሲወርድ ጀርባው ቀና ይላል። በኤሌክትሪኩ ግን ጀርባውም አብሮ ይወርዳል።

አንድ ታወር ላይ ሦስት ሴክተር አለ፣ እያንዳንዱ አንድ አቅጣጫ ይሸፍናል። አንድ ጊዜ ሴክተር 2 ሩቅ ድረስ እየሄደ ጎረቤት ሳይቶችን (ሌሎች ታወሮችን) ይረብሽ ነበር። አንቴናው 30 ሜትር ላይ ነው፣ ቲልቱ 2 ዲግሪ። ሜዳ ላይ የጨረሩ መሃል መሬት የሚነካው 860 ሜትር ገደማ ሄዶ ነው። 6 ሲሆን ወደ 285 ይወርዳል። 6 አልኩት። ሲስተሙ «ተሳክቷል» አለኝ። ቡናዬን ጠጣሁ።

በማግስቱ ሴክተር 2 እንደነበረው ነው። ሴክተር 1 ዳር ያሉ ሰዎች ግን ስልካቸው ይቆረጥ ጀመር። የጎረቤት ዝርዝሩን (ስልክ ከአንዱ ሴክተር ወደየትኞቹ እንደሚሻገር የሚወስነውን) ሳገላብጥ አንድ ቀን ሙሉ ባከነ። በመጨረሻ የተጠቃሚዎቹን ርቀት የሚያሳየውን ግራፍ ከፈትኩ። ሴክተር 1 ልክ እኔ ባዘዝኩበት ሰዓት ሰብሰብ ብሏል።

ባልደረባዬ ታወር ወጣ። አንቴናው ስር ዲግሪ የተጻፈባት ዘንግ አለች፤ ሞተሩ ሲዞር ትወጣለች፣ ትገባለች። «ኧረ የሴክተር 1 ዘንግ 6 ላይ ናት!» አለኝ በስልክ። «ሁለተኛውስ?» «2 ላይ።»

የሦስቱ ሴክተሮች ሞተሮች በአንድ የኤአይኤስጂ ገመድ (ትእዛዝ በሚያደርሰው) ተቀጣጥለዋል። ሲስተሙ የሚለያቸው በሴሪያል ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው የት እንደተሰቀለ አያውቅም። የ1 እና የ2 ቁጥር መዝገቡ ላይ ተለዋውጧል። መዝገቡን የሞላው ማን ነው? እኔው ነኝ፣ በስልክ እየተነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር በቃል አልቀበልም፤ የመለያውን ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ሰው ታወር ላይ እያለም እያንዳንዱን ሞተር አንድ ዲግሪ አንቀሳቅሼ ዘንጉን አስነብባለሁ። በዚህ መንገድ ሌላም ጉድ ይዣለሁ፦ የሌላ አንቴና ሞዴል ኮንፊግሬሽን ፋይል (ለስንት ዲግሪ ስንት እንደሚዞር የሚነግረው) የተጫነበት ሞተር። ስክሪኑ 6 ይላል፣ ዘንጉ 4። አላርም የለ፣ ምን የለ።

ካሊብሬሽንም (ሞተሩ የጉዞውን ሁለት ዳር እንዲለይ ማድረግ) ቀን ቀን አልነካም። ሞተሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ ሽፋኑም አብሮት ይዋዥቃል። ይሄንንም አንዴ በጠራራ ፀሐይ ሞክሬዋለሁ፣ ዝርዝሩ ይቅርብኝ።